ትርፏ ትልም

ሳንጎል መንደር ውስጥ ምስጢር መያዝ ዘበት ነው። ሰዉ ወሬኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ጓሮውም ያወራል። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ሁሉም ቤት በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ለበረዶው ወራት ኪምቺ የሚሆነውን ጥቅል ጎመን ይተክላል። ልኩም የታወቀ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ትልም። ሰው የሞተበት ቤት ይቀንሳል፣ ሙሽራ የሚያስገባ ይጨምራል። አላፊ አግዳሚው በድንጋይ ካቡ ላይ አሻግሮ ቆጥሮ ያልፋል።

በዚያ ዓመት ቦክሂ ችግኝ እያቀበለች ከእናቷ ኋላ ኋላ ስትል አረፈደች። እናቷ ወገቧን ይዛ ቀና ስትል የተተከለው ሦስት ትልም ብቻ ነበር። አባቷ፣ እናቷ፣ አያቷ፣ እሷ፤ አራት ናቸው።

«እማዬ፣ አንድ ይቀራል እኮ።»

«አይቀርም።»

«ማን ሊሞት ነው?»

«አፍሽን ዝጊ። ሴኡል ያሉት አክስትሽ ሰው አግኝተውልሻል። የጨርቅ ሱቅ አለው፣ ጨዋ ነው አሉ። የዘንድሮን ኪምቺ እዚያ ትበያለሽ።»

ቦክሂ የተረፈውን ችግኝ እንደያዘች ቀረች። ጠይቀውኝ ነበር እንዳትል አልጠየቋትም፤ እምቢ እንዳትል ደግሞ አባቷን ታውቃቸዋለች።

ከካቡ ማዶ ታይሶክ እየኮተኮተ ነበር። አባቱ ከሞቱ ወዲህ ከእናቱ ጋር ሁለት ብቻ ናቸው። እሱና ቦክሂ ያደጉት በዚያ ካብ ግራና ቀኝ ነው። ተዋደድን ተባብለው አያውቁም። እሱ ዱባ ያቀብላታል፣ እሷ «ያንተ ዱባ ውሃ ብቻ ነው» ትለዋለች፤ አንድም ዱባ ግን ተመልሶ አያውቅም። ታይሶክ ቀና ብሎ የነቦክሂን ጓሮ በዓይኑ ቆጠረ። ከዚያ ቦክሂን አያት። እሷም አየችው። የሆነ ነገር እንዲል ለመነችው፣ በልቧ። እሱ ግን አቀርቅሮ መኮትኮቱን ቀጠለ።

በማግስቱ የነታይሶክ ጓሮ ሦስት ትልም ተተክሎበት አደረ።

«አየሽልኝ?» አለች እናቷ ካቡን ተደግፋ። «ለሁለት ሰው ሦስት። ሙሽራ ሊያስገቡ ነው። ያ ዝምተኛ ልጅ! እናቱም እኮ ትንፍሽ አላለችም።»

ቦክሂ ደጋግማ ቆጠረች። ያው ሦስት።

ማታ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ታይሶክ ካቡ ጋ ቆሞ ጠበቃት። ባርኔጣውን አውልቆ ያሻሸዋል።

«ቦክሂ... ትልሙን...»

«አየሁት። እንኳን ደስ ያለህ» አለችና ባልዲዋን አንስታ ሄደች። እንባዋን እንዳያይባት ነበር የቸኮለችው። እሱ ደግሞ ጥያቄውን አይታ፣ ተሳልቃበት የሄደች መሰለው። ካቡ ወገብ አይደርስም፤ ሁለቱም ግን አልተሻገሩትም።

ከዚያ ወዲያ «እሺ» ማለት ቀላል ሆነላት። መኸሩ ገፋ፣ ጎመኑ መጠቅለል ጀመረ። ከሴኡል የሐር ልብስ የያዘው የሙሽራ ሣጥን መጣ፣ አባቷም በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ሣጥን ተቀብሎ የመለሰ አባት በዚያ አገር ቀና ብሎ አይሄድም። ውርጭ ሲጥል ታይሶክ ጎመኖቹን በሩዝ ጭድ አንድ በአንድ ሲያስር በመስኮት ታየው ነበር። ሦስተኛዋን ትልም ሲያስር ይቆያል።

በኅዳር ሴቶቹ በየቤቱ እየዞሩ ኪምቺ ማዘጋጀት ጀመሩ። በነታይሶክ ተራ ቦክሂ ከእናቱ ጋር ጎመን ከጨው ውሃ ታወጣለች። ሴትዮዋ ካልጠየቋት አታወራም፣ ከጠየቋት ግን አትደብቅም።

«ሙሽራዋ መቼ ነው የምትገባው?» አለች ቦክሂ፣ እንደምንም።

«የቷ ሙሽራ?»

«ሦስተኛዋ ትልም...»

«ወይ አንቺ! እኔም ጠይቄዋለሁ እኮ። 'የቦክሂ ናት፤ እናቷ ቀነሰቻት፣ እኔ ጨመርኳት' አይለኝም? ጅል ነው ልጄ። በኋላ ሣጥንሽ ሲገባ አፉን ዘጋ።»

ቦክሂ እጇን ከጨው ውሃው ሳታወጣ ቆየች።

ታይሶክ በሁለት ክንዱ ጎመን ተሸክሞ ገባ። «እጁ ሙሉ ነው፣ አጉርሺው እስኪ» አለች እናቱና በርበሬ ልታመጣ ወጣች። ቦክሂ ቅጠሉን በቅመም ለውሳ፣ ጠቅልላ አጎረሰችው። ጣቷ ከንፈሩን ነካ። ቀስ ብሎ አላመጠ።

«ጨው በዛ?»

«ደህና ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ተከልኩልሽ እኮ። ከዚህ በላይ ምን ልበል?»

«ለሌላ ሴት መስሎኝ ነው።»

ታይሶክ የታቀፈውን ጎመን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «አሁንስ?» አለ።

«ሣጥኑ ገባ።»

ሣጥኑን በሁለት እጃቸው የተቀበሉትን አባቷን አሰበ መሰል። ጎመኑን አስቀመጠና ሌላ ሊያመጣ ወጣ። የሷ ትልም ነበር የቀረው።

የተዳረችለት ሰው ክፉ አልነበረም። ሴኡል ከሱቁ ጀርባ ትንሽ ጓሮ አለው፤ በዓመቱ፣ ነሐሴ ሲያልቅ፣ አማቷ «አንቺ ታውቂበታለሽ» ብለው ችግኝ ሰጧት። ባሏ፣ አማቷ፣ እሷ፤ ሦስት ናቸው። ቦክሂ ሳታስበው ስትተክል ዋለች፣ ቀና ስትል አራት ትልም ሆኗል።

አማቷም የገጠር ልጅ ናቸው፤ በደጃፉ ቆመው ቆጠሩ።

«አራት?» አሉና ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። «ልጄ፣ አርግዘሻል እንዴ?»

ቦክሂ አፏን ከፈተች። ምን ልትል? የታይሶክ ናት ልትል? አንገቷን ደፋች። አሮጊቷ ሀፍረት መሰላቸውና ልጃቸውን ሊያበስሩ እየተጣደፉ ወደ ሱቁ ሄዱ። ወዲያው የባሏ ሳቅ ከውስጥ ተሰማ።

እነሱ እስኪመለሱ ትርፏን ትልም ነቅላ መጣል ትችል ነበር። ባልዲውን ሞላችና ውሃ ማጠጣት የጀመረችው ከእሷ ነው።