ፊሽካው በተሰማ ጊዜ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ ወንበሩንም ወዲህ ሳብ አድርጉት። የማወጋችሁ ስለ አንዲት ሰላይ ነው። የሥራ ስሟ ዋኖስ። እውነተኛ ስሟን እኔም አላውቀውም።

ጫካ ውስጥ ተንበርክካለች።

ደረቷ ላይ የተወዳዳሪ ቁጥር ለጥፋለች፤ በአንድ እጇ ካርታ፣ በሌላው ኮምፓስ። ሩጫው ካርታ እያነበቡ፣ ዛፍ መሀል የተተከሉ ባንዲራዎችን በተራ እየፈለጉ የሚሮጡት ነው። ከአንዱ ባንዲራ አጠገብ፣ ድንጋይ ሥር፣ አንድ ከዳተኛ ቁራጭ ካርታ ደብቋል። ቁራጩ ላይ አንድ ቤት ተከቧል። እዚያ ቤት በነፍሰ ገዳዮች ላይ የሚመሰክር ሰው ከነልጆቹ ተሸሽጓል። ቁራጩ ገዳዮቹ እጅ ከገባ ቤተሰቡ አለቀለት።

እጇን ሰደደች። አገኘችው። ካልሲዋ ውስጥ ወተፈችው።

ሩጫውን ያስተማረቻት የክለቡ ነርስ ነበረች፤ ፀጉሯ የሸበተ፣ ሳቂታ ሴት። ዋኖስ ለሽፋን ብላ ክለቡ ስትገባ እንደ ልጇ ተቀበለቻት፤ የሩጫ ጫማዋን ሳይቀር አዋሰቻት። ዋኖስ እየበረረች መንገድ ስትስት፣ «እግርሽ ዓይንሽን አይቅደም። እርምጃሽን ቁጠሪ፣ ካርታሽን አንብቢ» ትላታለች። የሰው ጀርባ የሚከተል፣ ሰውየው ሊሸና ሲገባ አብሮት ጥሻ ይገባል እያለችም ታስቃታለች። አንዱን ነገር ግን ሳትስቅ ነው የነገረቻት።

«ፊሽካ ከሰማሽ ካርታሽን እጠፊ። የወደቀ ሰው አለ ማለት ነው። ውድድርሽ እዚያ ላይ አለቀ።»

ከኋላዋ ቅርንጫፍ ተሰበረ።

ባልደረባዋ ነው። የሥራ ስሙ ቀበሮ።

«አገኘሽው?»

«ባዶ ነው።»

«ካልሲሽ እንደዚያ አይልም። ስጪኝ፣ እኔ ላድርሰው።»

የትኛው ባንዲራ እንደሆነ የተነገረው ለእሷ ብቻ ነበር። ቀበሮ የታዘዘው መጨረሻው ላይ እንዲጠብቃት ነው። ገባት። ለገዳዮቹ የሚሠራው እሱ ነው።

ሮጠች።

እሱ ጉልበተኛ ነው፤ ሽጉጥም አለው፤ ካርታ ግን አላነበበም። ጀርባዋን ብቻ ይከተላል። ከፊቷ ረግረግ አለ፤ መሻገሪያው አንዲት ቀጭን ጠንካራ መሬት ብቻ። መግቢያው የሚገኘው ከትልቁ ቋጥኝ እርምጃ ተቆጥሮ ነው። ፍጥነቷን ቀነስ አድርጋ መቁጠር ጀመረች።

ፊሽካ ተነፋ።

ከጎኗ ካለው ጉድባ ነው። ጎንበስ ብላ አየች። ነርሷ። እሷም ስትሮጥ ወድቃ፣ እግሯ ድንጋይ ሥር ተቀርቅሯል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«ልጄ፣ መጣሽልኝ?»

የቀበሮ ትንፋሽ ደርሶባታል። ብትቆም ቁራጩን ይቀማታል። ዓይኗን ካርታው ላይ ተከለች፤ ልክ እንደተማረችው።

ቆጠራዋን ሳትስት አለፈች።

ፊሽካው እንደገና ተነፋ። ከዚያ ቆመ።

መሻገሪያዋን አገኘች። ቀበሮ ሊቀድማት አቋርጦ ዘለለና እስከ ደረቱ ሰመጠ።

ከጫካው ማዶ አለቃዋ መኪና ውስጥ ይጠብቃት ነበር። ቁራጩን ሰጠችው፤ ቀበሮ የት እንደቀረ ነገረችው። ጉድባ ውስጥ ሴት ወድቃለች አለችው። ለአዘጋጆቹ ብንናገር ማንነትሽ ይገለጣል፣ የሚያገኛት ሰው አታጣም ብሎ ሞተሩን አስነሳ። እሷም አንገቷን ደፋች። ከመኪናው አልወረደችም።

ቤተሰቡ ተረፈ። ነርሷን ሲመሽ በውሻ ፈልገው አገኟት። እግሯ ግን አልዳነም፤ ተቆረጠ።

ከጊዜ በኋላ ዋኖስ መነጽር አድርጋ፣ የተዋሰችውን ጫማ በፌስታል ይዛ ሆስፒታል ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል። ጠያቂዎቹ ጥላሽ የሄደች ከሃዲ እያሉ ያሟታል።

«ተዉአት» አለች ነርሷ። «አላየችኝም። ካርታሽ ላይ ዓይንሽን ትከይ ያልኳት እኔው አይደለሁ?»

ዋኖስ ፌስታሉን ቁልቁል አየችው። ጫማው ጥንድ ነው። ጥንድ ጫማ ለማን ትሰጣለች? ይዛው ተመለሰች፤ በኮሪደሩ ሰው መሀል ገብታ ጠፋች። ዛሬ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም።

እናንተ ግን ልጆቼ፣ በመንገዳችሁ ፊሽካ ብትሰሙ፣ እባካችሁ እሷን አስታውሱና ስለ እሷም ጭምር ወደ ድምፁ ዘወር በሉ።