«ቴክ» ላይ የሞቱት አዘጋጅ

አዛውንቱ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከወንበራቸው ሥር በጎናቸው ወድቀዋል። ብርጭቆው ሳይሰበር ምንጣፉ ላይ ተንከባሏል። ጠረጴዛው ላይ ባዶ የሽሮፕ ጠርሙስ አለ። ሰሌዳው ላይ «ቴክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ በትልቁ ተጽፎ ከሥሩ ትርጉሞቹ ተደርድረዋል፦ ወሰደ፣ ያዘ፣ ፎቶ አነሳ፣ ተፈተነ። የመዝገበ ቃላት ቤቱን ሰዎች ሲያጨቃጭቅ የከረመ ግሥ ነው።

መርማሪው ሲደርስ ፖሊሱ የሟችን ልጅ በካቴና አስሮ ሊወስዳት ቆሟል። አንድ ጉንጯ አብጧል።

«ጠርሙሱን ማን ሞላው?»

«እኔ፣ ትናንት ከሰዓት። ስኳር በውሃ በጥብጬ። መርዝ ግን አላደረግኩም! አባቴ እኮ ነው!»

«እና ስኳር ውሃውን ለምን ጠጡት?»

«እዚህ ቤት ትርጉም ዝም ብሎ አይጻፍም። መጀመሪያ አንዳችን ተነስተን በትወና እናሳየዋለን፤ አባዬ ከወንበሩ ሆኖ ይፈርዳል። የዛሬው ትርጉም መድኃኒት መዋጥ ነበር።»

«ተራው የማን ነበር?»

«የኔ። ግን ትናንት ማምሻውን ጥርሴን ተነቀልኩ፤ ጣፋጭ ሲነካኝ ነፍሴ ትወጣለች። ጠዋት አይቶኝ ‹ባንቺ ፈንታ እኔ› አለ።»

«ራሷ ሞላች፣ ራሷ አልጠጣም አለች» አለ ፖሊሱ። «ምን ቀረ?»

«ጥቂት ታገሰኝ» አለ መርማሪው። ቶሎ ያለቀ ነገር አያሳምነውም።

በሚቀጥለው ክፍል ምክትል አዘጋጁ ላቡን እየጠረገ ጠበቀው።

«ይህን ትርጉም ማን አመጣው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ጋሼ ‹ወሰደ ካልን ይበቃል› አሉ። እኔ ደግሞ ‹ዋጠ› ራሱን የቻለ የትርጉም ቁጥር ይገባዋል ብዬ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ሞገትኳቸው። ትናንት በስንት መከራ እሺ አሉኝ።»

«ጠርሙሱ የት አደረ?»

«ቁም ሳጥን ውስጥ። አይቆለፍም።»

«እሳቸውን የሚጠላ ሰው አለ?»

«ኧረ ማን ይጠላቸዋል!» አለና እንባው መጣ። እንባው የእውነት ነበር፤ መርማሪውን ግራ ያጋባውም እሱ ነው።

አሮጊቷ ጸሐፊ ግን ነገር አያመልጣቸውም።

«እትዬ፣ ብርጭቆውን ሲያነሱ ምን ተባለ?»

«እሳቸው ‹ለልጄ ጥርስ!› ብለው አሳቁን። ምክትሉ ብቻ ብድግ አለና ‹ጋሼ ይቅር፣ ይቺን ትርጉም እንለፋት› አለ። ‹ስትነዘንዘኝ ከርመህ!› አሉና ጭልጥ አደረጉት።»

«ከእሳቸው በኋላ ቤቱን የሚመራው ማነው?»

«ልጃቸው ናት። ባለፈው ሰሞን ነገሩን። ምክትሉ ያን ቀን ምሳውንም አልበላም።»

መርማሪው ሁሉንም ሬሳው ካለበት ክፍል ሰበሰባቸው።

«አዛውንቱን ማን ሊገድል ፈለገ ብለን ስንለፋ ዋልን። ማንም አልፈለገም። እሳቸው ከወንበራቸው አይነሱም፤ የዛሬው ተዋናይ ልጃቸው ነበረች። መርዙ ሲገባ ጥርሷን መነቀሏን ያወቀ ሰው የለም። እሷ ጠጥታ ብትሞት ደግሞ ጠርሙሱን የሞላችው ራሷ ስለሆነች ራሷን አጠፋች ተብላ ትቀበር ነበር።»

ልጅቷ ቀና አለች።

«ጥያቄዬ አንድ ነው» አለ ወደ ምክትሉ ዞሮ። «ለዚህ ትርጉም ያን ያህል ከታገሉ በኋላ፣ ሊጸድቅልዎት ሲል ‹እንለፋት› ያሰኘዎት ምንድን ነው? የተለወጠው ብርጭቆውን ያነሳው እጅ ብቻ ነው።»

ምክትሉ ክው አለ።

«እሳቸውን አላሰብኩም! እንደ አባት ነው ያሳደጉኝ! ዕድሜዬን የጨረስኩበትን ቤት ለእሷ ሲሰጡ... ላስቆማቸው ሞክሬ ነበር እኮ! እንለፋት ብዬ ነበር!»

«‹መርዝ ነው› ማለት አቃተህ?» አለች ልጅቷ። አልጮኸችም። «ስንት ዓመት ቃል ስትለቅም ኖረህ፣ ለአባቴ አንዲት ቃል አጣህለት?»

ፖሊሱ በሐፍረት ካቴናውን ከእሷ ፈትቶ ለእሱ አሰረው። ሲያስረው እሷ አላየችም። ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ የአባቷን ራስ ጭኗ ላይ አሳርፋለች።

«አባዬ» አለችው፣ «የኔን እኮ ነው የጠጣኸው።»