የሚልክያስ እንሰት

አዛለች ስልክ በጮኸ ቁጥር መርዶ የሚመስላት ሴት ነበረች። ምን ታድርግ? ባሏ ሚልክያስ ሶዶ ውስጥ የታወቀ አናጺ ነበር፤ የቆርቆሮና የሚስማር ዋጋ የማይቀመስ ሲሆን ቤት የሚያሠራ ጠፋና ሥራ ፍለጋ ሩቅ አገር ወደሚገኝ እርሻ ሄደ። በሄደበት ዕለት ጓሮ አንዲት የእንሰት ችግኝ ተክሎ፣ ይህቺ ለቆጮ ሳትደርስ እመለሳለሁ አላት። ለመስቀል ሰው ሁሉ ከያለበት ቅቤና ሥጋ ይዞ ሲገባ ሚልክያስ አልመጣም። በሁለተኛው መስቀል ስልኩም ተዘጋ። አዛለች በልቧ ቀበረችው... ጎረቤት የእንሰቷን ሥር፣ አምቾዋን ቀቅለሽ ልጅሽን አብዪ ቢላትም፣ ጓዳዋ ባዶ በዋለበት ቀን እንኳ እንሰቷን አላስነካችም። እሷ ከተነቀለች ምን ይቀራታል?

ልጇ ብሩክታይት ከትምህርት ቤቷ የድራማ ክበብ ጋር፣ የኑሮ ውድነት ቤተሰብን እንዴት እንደሚበትን የሚያሳይ ቴአትር አዘጋጀች። እናትየውን ሆና የምትጫወተው ራሷ ነበረች። አዛለች ልጄ ቃሉ ይጠፋታል፣ ሰው ይስቅባታል፣ መብራት ይሄዳል ስትል ሰንብታ፣ ቀኑ ሲደርስ ከሁሉ ቀድማ ሄዳ ከፊት ተቀመጠች።

በቴአትሩ ልጆቿ የተራቡባት እናት ባሏ የተከለውን እንሰት ትነቅላለች። ብሩክታይት ሥሯ አፈር የያዘ እንሰት ታቅፋ ስትወጣ፣ አዛለች የጎረቤት ፍየል የቦጨቀውን ቅጠል አየች። የእሷው ነበረች! መድረኩ ላይ እንዴት እንደወጣች አታውቅም።

«ልጄ፣ አባትሽን ነቀልሽው?»

ሰው የቴአትሩ ክፍል መሰለው። ብሩክታይት የእናቷን እጅ ያዘች።

«ባዶ እጁን ቢመጣ ትቀበይዋለሽ፣ እማዬ?»

«ቅቤውም ይቅር፣ ሥጋውም ይቅር... እሱን ብቻ።»

ከኋላ አንድ ከሲታ ሰው በከዘራ ተደግፎ ተነሣ። ሚልክያስ ነበር! እርሻው ላይ ታሞ ያጠራቀመውን በሕክምና ጨርሶ፣ ባዶ እጁን ቤቱ መግባት አፍሮ፣ እዚሁ አፍንጫቸው ሥር፣ ቤሌ ከተማ አምስት ወር ተደብቆ ኖሯል። ልጁ ስትደርስበት ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብሎ አስምሏት ነበር። ያን ዕለትም ልጁን አይቶ ሹልክ ሊል ነበር የመጣው።

በማግስቱ እንሰቷን ከአጥሩ ሥር መልሰው ተከሏት። ከተማ ያደገችው አዛለች አንዴ ተነቅላለች፣ አትጸድቅም ብላ ስታለቅስ ሚልክያስ ሳቀባት።

«አንቺ የከተማ ልጅ፣ እንሰት እኮ ቦታ ሲቀየርለት ነው የሚወፍረው።»

ወፈረችም። ሚልክያስ ግን ቆጮዋን ሳይቀምስ ሕመሙ አገረሸበት፤ ጭንቅላቱን ሚስቱ ጭን ላይ እንዳሳረፈ ዐረፈ። ዕድል ለአዛለች ያዘነላት በዚህች ብቻ ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን የፈራችውን መርዶ በስልክ አልሰማችም። ቅቤ መግዣ አጥቶ ከደጁ የተመለሰ፣ ባዶ እጁን እንደሚፈልጉት ሳያውቅ በሰው አገር የቀረ ስንት አባት ይኖር ይሆን?