እንኳየሁ እምቢ አለች

«እኔ ነኝ በያ! አንድ ቃል እኮ ነው!»

ክፍል ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠችው ጸሎት ቀና አለች። «አበድሽ እንዴ ናዝራዊት? ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?»

«ከእንኳየሁ ጋር።»

እንኳየሁ ያለችው ደብተሩ ውስጥ ነው። ናዝራዊት ራሷ የፈጠረቻት የማክሰኝት ገበሬ ልጅ ናት። በታሪኩ እቅድ መሠረት በሬውን በጎረቤታቸው በአያ ፋንታሁን ጤፍ ውስጥ የለቀቀው ወንድሟ ስማቸው ነው፤ እሷ ግን «እኔ ነኝ» ብላ ጥፋቱን ትወስዳለች፣ ምርቃት ትቀበላለች፣ አለቀ። የናዝራዊት የአማርኛ መምህር በላቸው እቅዱን አይተው ፈርመውበታል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወላጆች ፊት የሚነበበው እሱ ነው።

ሐሳቡ ከሰማይ አልወረደም። ባለፈው ሳምንት ወንድሟ ዕንባቆም በአባቷ የዜማ መጽሐፍ፣ በድጓው ላይ ጧፍ ሲያንጠባጥብ «እኔ ነኝ» ያለችው ናዝራዊት ነበረች። የመረቃት ግን የለም። አባቷ መጽሐፎቻቸውን እንዳትነካ ከለከሏት፣ ዕንባቆም ደግሞ ዝም አለ።

ለአራተኛ ጊዜ ብዕሯን አነሳች። «እንኳየሁም፣ እኔ...» ቀጥሎ የመጣው ሌላ ነበር። «እኔ ውኃ ልቀዳ ወርጄ ነበር። አያ ፋንታሁን፣ ምነው ወንድሜን ስማቸውን አይጠይቁትም?»

ናዝራዊት ደነገጠች፤ ደስም አላት። ልትሰርዘው ሞከረች፣ እጇ እምቢ አለ።

መምህር በላቸው በእረፍት ሰዓት አንብበው ፊታቸው ተለወጠ። «የተስማማነው እንዲህ ነው? ወላጅ የሚያለቅሰው እህት ለወንድሟ ስትል ጥፋቱን ስትወስድ ነው!»

«እምቢ አለችኝ ቲቸር።»

«የፈጠርሻት አንቺ አይደለሽም እንዴ? ወይ እቅዱን ታነቢያለሽ፣ ወይ በአንቺ ፋንታ ጸሎት ታነባለች።» በእቅዱ መሠረት ራሳቸው አስተካክለው የጻፉትን ወረቀት ሰጧት።

ለምሳ ቤት ስትገባ አባቷ መሪጌታ ወልደኢየሱስ ከግቢው ዛፍ ሥር ቅኔ ያስተምራሉ። ተማሪያቸው መልካሙ ፊታቸው ቆሞ የገጠመውን ቅኔ አሰማ። መሪጌታ እጃቸውን አነሱ።

«ይሄ ትናንት የቆጠርኸው ነው። ያደረ ቅኔ አልቀበልም። ሂድ፣ ሌላ ቁጠር።»

ናዝራዊት ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች። ዛሬ ግን ምሳዋን ረስታ ቆመች። «አባባ፣ ግን ሸጋ ቢሆንስ?»

«ሸጋማ ነበር» አሉ መሪጌታ። «ትናንት።»

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። አባቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ዕንባቆምም አጠገባቸው ነው። ስሟ ሲጠራ ተነሣች። ፈርታለች፤ ተናዳለችም፤ ንዴቱ ግን በለጠ።

መድረኩ ላይ ወጥታ የመምህሩን ወረቀት ለአራት አጠፈችና ኪሷ ከተተችው። ደብተሯን ገለጠች። መምህር በላቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

አነበበች። ስለ በሬው፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ አያ ፋንታሁን ቁጣ። ድምፅዋ መጀመሪያ ቀጠነ፣ በኋላ ተስተካከለ። እንኳየሁ የምትናገርበት ቦታ ስትደርስ ደብተሩን ማየት አላስፈለጋትም።

«ምነው ወንድሜን ስማቸውን አይጠይቁትም?»

መሪጌታ ቀስ ብለው ወደ ወንድ ልጃቸው ዞሩ። ዕንባቆም አንገቱን ደፍቷል፤ ጆሮው ቀልቷል።

ናዝራዊት አየችው። ከዚያ ገጹን ገለጠችና ቀጠለች።