የቢቸናው ሽማግሌ

«ተሠራ?»

«ተሠርቷል። ባትሪውን ግን አይተው ይግዙ» አለ ቢሆነኝ።

ሬዲዮው ከእሱ እጅ ወደ «አጎት» እጅ አለፈ። ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም። አጎት ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወደ ሞጣ መናኸሪያ ተሻገረ። በሬዲዮው የባትሪ ቤት ውስጥ ጥፍር የምታህል የታጠፈች ወረቀት አለች።

የቢቸናው አውቶቡስ ሊገባ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል።

ቢሆነኝን ቢቸና የሚያውቀው በሬዲዮና ሰዓት ጠጋኝነቱ ነው። ስሙ በማይጠራ አንድ ቢሮ መዝገብ ላይ ግን «ብሎን» ይባላል። አጎትም የዚያው ቢሮ አለቃው ነው። ዘመኑ 1989 ዓ.ም. ነው። ቢሮውን ያልተመዘገበ ስብሰባ ሁሉ ያስበረግገዋል። ስለዚህ እዚያው ቢቸና በወይዘሮ ካሰች ቤት የሚሰበሰበውን የጸሎት ኅብረት ማን እንደሚመራው እንዲያወጣ ብሎንን ላከው። አሥራ አራት ወር አብሯቸው ዘመረ።

ችግሩ፣ መሪ ተብሎ የሚጠራ ሰው አልነበራቸውም። ፓስተር የላቸውም። ዲያቆናቱ ወንበር ይደረድራሉ፤ የታመመ ይጠይቃሉ። የሚያስተምሩትና የሚወስኑት ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። ሽማግሌ ማለት በእነሱ ዘንድ ሹመት ነው እንጂ ዕድሜ አይደለም፤ ሽበት አይጠየቅበትም። ከሦስቱ አንዱ ዋና ይሆናል። ሞጣ ያለው እህት ኅብረት በማን ቤት እንደሚሰበሰብ የሚያውቀውም፣ እየሄደ የሚጎበኘውም እሱ ብቻ ነው።

ቢሆነኝ ዲያቆን ሆነ። ዋናው ሽማግሌ በሥራ ዝውውር ከቢቸና ሲወጡ፣ ቦታው የእሱ መሆኑን ለአፍታም አልተጠራጠረም። የቅኔ ቤት ልጅ ነው። ጥቅስ ከአፉ አይጠፋም። ወንበር በመደርደርም ቢሆን ከእሱ የቀደመ የለም።

ሦስት ቀን ጾመው መረጡ። ይታገስን መረጡ።

ይታገስ ልብስ ሰፊ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሲጸልይ ይንተባተባል። እጅ ሲጭኑበት ቢሆነኝ ጥርሱን ነክሶ «አሜን» አለ። የተናደድኩት ለሥራዬ ነው ብሎ ራሱን ሊደልል ሞከረ። ውሸቱን ነው። ቅናት ነው፤ ያውም የለየለት ቅናት። ሊሰልል የሄደበትን ሹመት ተመኝቶ የሚንገበገብ ሰላይ ያስቃል። እሱን ግን አላሳቀውም። ሁለት ሳምንት እህል አልበላ አለው። በሦስተኛው ወረቀቷን ጻፈ።

ስም አይጻፍም፤ የቢሮው ሕግ ነው። እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ዋናው ሽማግሌ ሐሙስ ከቢቸናው አውቶቡስ ይወርዳል። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ መጽሐፍ ይይዛል። የሚመራው እሱ ነው።»

አውቶቡሱ ገባ።

ይታገስ ወረደ። ትከሻው ላይ ስልቻ አለ። ዞር ብሎ አንድ አዛውንት ደግፎ አወረደ። አያ ጓዴ ናቸው፤ ሰባ ያለፋቸው፣ ምንም ሹመት የሌላቸው፣ የካሰች ቤት በር ከፋች። ዓይናቸውን ለመታየት መምጣታቸው ነው። የይታገስ እጅ ሞልቷልና መጽሐፉን ያቀፉት እሳቸው ናቸው።

ነጩ ጨርቅ እሳቸው እጅ ላይ ነው።

ሁለት ሰዎች ይታገስን ገፍተው አለፉት።

«ሽማግሌው እርስዎ ነዎት?»

ይታገስ ነገሩ ገባው። «ሽማግሌው እኔ ነኝ» አለ። አልተንተባተበም።

አንደኛው ሳቀ። «አንተ? ጢምህ እንኳ በቅጡ ሳይበቅል?»

«ልጁን ተዉት» አሉ አያ ጓዴ። «ሽማግሌ እየፈለጋችሁ ይህን ሽበት አልፋችሁ ወዴት ትሄዳላችሁ? እኔ ነኝ።»

ወሰዷቸው።

ቢሆነኝ ከሻይ ቤቱ ተነሥቶ «ተሳስታችኋል» ማለት ይችል ነበር። አልተነሣም። ሐዘን ሊሰማው በተገባ ነበር፤ የተሰማው ግን ያው ቅናት ነው፤ ብሶበት። ይታገስ ራሱን የሚሰጥለት ሰው አለው። ለእኔ ቢሆን ማን ይቆምልኝ ነበር አለ በልቡ።

ቅዳሜ አጎት ሬዲዮውን ይዞ ቢቸና ሱቁ ድረስ መጣ።

«ጣቢያ አልይዝ አለኝ።»

ላናግርህ ማለቱ ነው። ቢሆነኝ ካቻቢቴውን አነሣ።

«እስቲ ልየው።»

«ግሩም ሥራ ነው፣ ብሎን። ሽማግሌው አምኗል። አውራ ጣቱን አኑሯል።»

«ልጁስ?»

«ተውነው። የሸጣቸው እሱ ነው የሚል ወሬም አስገብተናል። አብሮ ሄዶ ብቻውን ሲመለስ ማን አያምንም? አንተን የሚጠረጥር የለም። የሽማግሌው ቦታም ባዶ ነው። አንተ ትይዘውና የሞጣውን ቤት ታመጣልኛለህ።»

«መሪው ከተያዘ በኋላ ሌላ ሰው አይነካም ብለውኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር» አለ አጎት፤ ሬዲዮውን ወስዶ ወጣ።

እሑድ ይታገስ በር ላይ፣ አያ ጓዴ ይቀመጡበት በነበረው ቦታ ተቀምጧል። ሰላም ያለው የለም።

«ወንድም ቢሆነኝ፣ ተንበርከክ» አሉ ወይዘሮ ካሰች። «ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንተ ተስማምተዋል።»

ተንበረከከ።

እጆቻቸው ራሱ ላይ አረፉ። ሞቃት ናቸው። ሲመኘው የኖረው ይህንን ነው። የሚጠበቅበት ዝም ማለት ብቻ ነው። ቀና ሲል ይታገስን አየው። ቦታውን የተነጠቀው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ለእሱ ይጸልያል። ከሁሉም ቀድሞ «አሜን» አለ፤ ከልቡ።

በዚህም በለጠኝ አለ ቢሆነኝ በልቡ። ከዚህ በላይ መቻል አቃተው።

«ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«የምን ወረቀት?» አሉ ካሰች።

«አያ ጓዴን ያስያዘውን። ይታገስ ማንንም አልሸጠም። የላኩኝ ሰዎች የሞጣውን ቤት ይፈልጋሉ፤ ዛሬውኑ ይቀየር።»

እጆቹ አንድ በአንድ ከራሱ ላይ ተነሡ። የመታው የለም። የሰደበውም የለም።

«ውጣልን» አሉ ወይዘሮ ካሰች።

በሩን የከፈተለት ይታገስ ነው። አንድ ነገር ሊለው ጀምሮ ተንተባተበ። ቢሆነኝ አልጠበቀውም።

ቢሮው መዝገቡን «ግዳጁ ተፈጽሟል» ብሎ ዘጋው። መሪው ተይዟል፤ ብሎን ተጋልጧል፤ የሞጣው ቤት ባዶ ሆኖ ተገኝቷል። ሱቁ ተዘጋ።

ከሰባት ወር በኋላ ደጀን ላይ፣ የጭነት መኪኖች በሚያድሩበት ሰፈር ጥግ፣ ጢሙን አሳድጎ ራሱን ሣህለ ማርያም ብሎ የሚጠራ አንድ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። አንድ የቢቸና ነጋዴ ሰዓቱ እስኪሠራለት የአገሩን ወሬ ያወራል።

«አንድ ሽማግሌ ከእስር ተፈቱ። ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል። አንድ ልብስ ሰፊ ከመናኸሪያ እስከ ቤት አዝሎ ወሰዳቸው። ሰዉ ከኋላ ይዘምራል።»

«ልጃቸው ነው?»

«ልጅ እንኳ የላቸውም አሉ።»

ጠጋኙ ሰዓቱን ዘግቶ ሰጠው። ነጋዴው አመስግኖ ሄደ። እሱ ባዶ እጁን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ቀረ። ባዘለው ቀና። በታዘሉትም ቀና።