ከበሩ ሥር የታየች እናት

ልብስ ሰፊዋ ስልኳን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ወደ አታሚው ገፋ አደረገችው።

«ይቺን ግድግዳ ሙሉ አድርግልኝ።»

አታሚው ፎቶውን በኮምፒውተሩ ከፈተው። ብዙ ሰው ካለበት ፎቶ ላይ ተቆርጦ የወጣ የአንዲት ሴት ፊት ነው። ሲያጎላው ፊቱ ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተበተነ።

«እህቴ፣ የዚህ ፎቶ ነጥቦች ጥቂት ናቸው። በመዳፍ ልክ ቢታተም ያምራል። ስናተልቀው ግን ነጥቦቹ አይበዙም፤ እነዚሁ ናቸው የሚያብጡት።»

«ጨምርበታ።»

«ከየት አምጥቼ? የማላውቀውን ፊት ከራሴ ልፍጠር?»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እናቴ ናት። ሌላ ፎቶ የላትም። የአባቴ ዓይን እየደከመ ነው፤ ጨርሶ ሳይጨልምባቸው አንዴ ሊያዩዋት ይፈልጋሉ። የመዳፍ ልክ አይታያቸውም» አለችው።

አታሚው የተበላሸ ሥራ ከእጁ እንዲወጣ የሚፈቅድ ሰው አልነበረም። ቀና ብሎ ሲያያት ግን በፎቶው ላይ ያየው ያው ግንባር፣ ያው ለመሳቅ ያመነታ ከንፈር ከፊቱ ቆሟል። «እሺ፣ ነገ አመጣዋለሁ» አላት።

በማግስቱ ጠቅልሎ ቤቷ ድረስ መጣና ሰቀለው። ልብስ ሰፊዋ ተጠግታ አየች። ቡናማና ግራጫ አራት ማዕዘን ብቻ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። አታሚው «ነግሬሽ ነበር» አላላትም፤ መዶሻውን እንደያዘ አቀረቀረ።

አባትየው ግድግዳውን እየዳበሱ ገቡ። ክፍሉ መሐል ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«መጣሽ?» አሉ በለሆሳስ፣ ለግድግዳው።

ልብስ ሰፊዋና አታሚው ተያዩ። አታሚው ያን ጊዜ ገባው። የደከመ ዓይን የነጥቦቹን ጠርዝ አያይም፤ አደብዝዞ ያዋህዳቸዋል። የልብስ ሰፊዋን ክንድ ቀስ ብሎ ይዞ ወደ ኋላ ወሰዳት። አሁንም ነጥብ ነው። ጀርባቸው በሩን ሲነካ፣ «ዓይንሽን ጠበብ አድርጊ» አላት።

ነጥቦቹ ተሰበሰቡ። ግንባሩ መጣ፤ ከንፈሩ መጣ፤ እናቷ ከግድግዳው ላይ አየቻት። ስንቱን ፊት ያተመው አታሚም እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም።

አባትየው ወደ በሩ ዞሩ።

«እዚያ የቆማችሁት አንድ ናችሁ ሁለት?»

«ሁለት ነን፣ አባዬ።»

«እንጃ፤ በእኔ ዓይን አንድ ነው የምትመስሉት።»

አታሚው አፍሮ ክንዷን ሊለቅ እጁን አላላ። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከእናቷ ሳትነቅል፣ በሌላኛው እጇ እጁን ያዝ አደረገችው።