የሚሳይል እንግሊዝኛ

«በሉ እስቲ፣ ነገ የምትፈተኑትን እኔም ልስማው» አሉ የሚሳይል እናት፣ እግራቸውን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ሳያነሱ።

ድምቢጥ ክው አለች። የመጣችው ሚሳይል የተዋሰቻትን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ለመውሰድ ብቻ ነው፤ ገና ከበሩ እንኳ አልራቀችም። የክፍል ጓደኛዋን አየቻት። ሚሳይል ዓይኗን ጣሪያው ላይ ሰቀለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚሳይል ለእናቷ «ከድምቢጥ ጋር እንግሊዝኛ አጠናለሁ» እያለች ከትምህርት ቤት መልስ የምትሄደው መረብ ኳስ ሜዳ ነው። ቅጽል ስሙም የወጣላት እዚያው ነው፤ እሷ የመታችው ኳስ አይያዝም። እናቷ ደግሞ ልጄ ትማርልኝ ብለው ቁልፍ መትከሉንም፣ መተኮሱንም ከእሷ ላይ አንስተው ብቻቸውን ይለፋሉ። ድምቢጥን መንገድ ላይ ባገኟት ቁጥር «እያጠናችሁ ነው አይደል፣ የኔ ልጅ?» ይሏታል። ድምቢጥም አንገቷን ትነቀንቃለች። ቃል ከአፌ ስላልወጣ አልዋሸሁም እያለች ራሷን ስታታልል ከርማለች።

«ለመሆኑ ምንድን ነው የምትፈተኑት?»

«ኮንዲሽናል» አለች ድምቢጥ። «እንዲህ ከሆነ እንዲያ ይሆናል፣ እንዲህ ቢሆን ኖሮ እንዲያ ይሆን ነበር የሚባለውን በእንግሊዝኛ ማለት ነው፣ እትዬ። ሦስት ዓይነት አለው።»

«ታዲያ የኔ ወሬ በሙሉ እሱ አይደል እንዴ!» ብለው ሳቁ። «በይ ልጄ፣ አንድ በይኝ።»

ሚሳይል ጉሮሮዋን ጠረገች። መቼም ድፍረት አያልቅባትም።

«ኢፍ አይ ሃድ ዊል ጎ፣ ሺ ዉድ ዋዝ ካም!»

ድምቢጥ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። እንግሊዝኛ የማያውቁት እናትየው ግን መኪናውን አቁመው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ልጃቸውን እንደ አዲስ ያዩዋት ጀመር። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«እሰይ፣ ልፋቴ መና አልቀረም» አሉና ወደ ድምቢጥ ዞሩ። «ትክክል ነው አይደል፣ የኔ ልጅ?»

አንገቷን ብትነቀንቅ ያልፋል። ነገ ግን ሚሳይል ትወድቃለች፤ እትዬም በማያውቁት ነገር ተደስተው ወገባቸው እስኪቆረጥ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። ብትናገር ደግሞ ጓደኛዋን ታጣለች። ሚሳይል ከእናቷ ጀርባ መዳፎቿን ገጥማ ትለምናታለች። ድምቢጥ መቆሚያ አጣች፤ አንዴ በቀኝ እግሯ፣ አንዴ በግራዋ ትቆማለች።

«አይደለም፣ እትዬ» አለች በመጨረሻ። «አብረን አጥንተን አናውቅም። እኔም ዋሽቼዎታለሁ።»

እናትየው አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻል ነበር። ሁለቱንም ተራ በተራ አዩና፣ መቀሳቸውን ቀስ ብለው አስቀምጠው ወደ ጓሮ ወጡ።

«ጉድ ሠራሽኝ!» አለች ሚሳይል። «ዝም ብትይ ምን ነበረበት? መጽሐፍሽን ይዘሽ ከቤታችን ውጪልኝ!»

ድምቢጥ መጽሐፉን አንስታ እስከ በሩ ሄደች። ሮጣ ብትጠፋ ደስ ይላታል። እጀታውን ያዘችና ለቀቀችው። ተመልሳ ጠረጴዛው ላይ የተዝረከረከውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ገፋ አድርጋ መጽሐፉን ዘረጋችው።

«አልወጣም» አለች። «ከመጀመሪያው ዓይነት እንጀምራለን።»

ሚሳይል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ድምቢጥ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጠበቀቻት።